ቆፍረው ያወቁትን ለማን ነገሩ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ምድር፣ ስለ ቁፋሮና ከቁፋሮ ስለሚገኝ መረጃ የሚጠይቁ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ። ሰፊውን ቦታ የወሰደው የመጀመሪያው ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች የጅማ ዞን ወረዳዎች፣ ከጌራም ከኦሞ ናዳም፣ ስለደረሰኝ ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። አባቴ መጻፍ ስለማይችሉ ይህን የምጽፈው እሳቸው እየነገሩኝ ነው። የሊሙ ቡና ገበሬዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማሳችን ጠርዝ ላይ መቆፈሪያ የተጫነበት መኪና ቆሞ ሌት ተቀን ተቆፈረ። ድቡልቡል ድንጋይ እያወጡ በሳጥን ደርድረው ጫኑና ሄዱ። ለተቆረጠብን ቡና ካሳ ተከፍሎናል፤ በእሱ ቅሬታ የለንም። ምን እንዳገኙ የነገረን ሰው ግን የለም። አሁን በቀበሌው ‹ወርቅ ነው› የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ ከከተማ የመጡ ደላሎች መሬቱን በረጅም ኮንትራት ስጡን እያሉ ነው። አባቴ ያረጀውን ቡና ነቅለው አዲስ ችግኝ ለመትከል ጉድጓድ አዘጋጅተው ነበር፤ ወሬውን ከሰሙ ወዲህ እጃቸው ተይዟል። በመሬታችን ውስጥ የተገኘውን የማወቅ መብት አለን? ማንንስ ነው የምንጠይቀው?»
የቡና ገበሬ ልጅ፣ ከሊሙ

መልስ፦ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእሳቸው የሚሆነውን ልንገርህ። ችግኙን ይትከሉ፤ ኮንትራቱን ግን እንዳይፈርሙ። ተቆፈረ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም። ምርመራ ከተደረገባቸው ቦታዎች ማዕድን ወደ ማምረት የሚደርሱት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። የደረሱትም ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያ ዘንድሮ የተተከለው ችግኝ ለለቀማ ይደርሳል። ደግሞም ቡና ቋሚ ተክል ነው፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይታሰብበታል። አባትህ በመትከላቸው የሚያጡት ነገር የለም። የክረምቱ ዝናብ በወሬ ምክንያት ካመለጣቸው ግን አንድ ዓመት ሙሉ ያጣሉ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ያያችሁት ድቡልቡል ድንጋይ በሙያው ቋንቋ ኮር ይባላል። ከምድር በወጣበት ቅደም ተከተል በሳጥን ይደረደርና ጥልቀቱ ይጻፍበታል። ጂኦሎጂስቱ (የምድርና የድንጋይ ባለሙያው) ቁጭ ብሎ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ የት ላይ ቀለሙ እንደተለወጠ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ሎግ ነው። ከዚያ ኮሩ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ግማሹ ደግሞ ወደፊት ሌላ ባለሙያ መጥቶ እንዲያየው ይቀመጣል። ሙያው ራሱ ከመነሻው የሚያስበው ለሚቀጥለው ሰው ነው። የሚያሳዝነኝ ያ የሚቀጥለው ሰው ሳጥኑ የት እንዳለ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ስለ ወርቁ ወሬ የምለው አለኝ። የጅማ ዞን ምድር በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ በፈሰሰ ላቫ የተሸፈነ ነው። የአገራችን ዋና ዋና የወርቅ ቦታዎች፣ ወለጋ፣ አዶላና አኮቦ፣ የሚገኙት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አሮጌ ድንጋይ ከምድር ላይ ብቅ ባለባቸው አካባቢዎች ነው። በእኛ በኩል ያ ድንጋይ ባለበት ቦታ እንኳ በአብዛኛው በላቫው ሥር ተቀብሯል። በሌላ በኩል፣ በአንዱ የላቫ ፍሳሽና በሌላው መካከል ሐይቅና ረግረግ የነበሩ ቦታዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ተፈጥሯል። በዞናችን ዴልቢና ሞዬ፣ በኢሉባቦር በኩል ደግሞ ያዩ የተባለው ቦታ የሚታወቁት በዚህ ነው። የእናንተን ሎግ ሳላይ ምን እንደተፈለገ መናገር አልችልም። ለከሰል ሊሆን ይችላል፤ ለውኃ፣ ለድልድይ ወይም ለግድብ መሠረት የሚደረግ ጥናትም ኮር ያወጣል። ደላሎቹ ግን ይህን ሎግ አላዩትም። የያዙት የእናንተን አለማወቅ ብቻ ነው።

መብታችሁን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ሰዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ድንጋዩ የሕዝብ ከሆነ ከድንጋዩ የተገኘው እውቀትም የሕዝብ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ገንዘቡን አውጥቶ የቆፈረ ኩባንያ ፈቃዱ ጸንቶ እስካለ ድረስ ውጤቱን ከተወዳዳሪ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ፈቃዱ ሲያበቃ ወይም ቦታውን ለቅቆ ሲሄድ ግን ምስጢሩም አብሮ ማብቃት አለበት።

ሪፖርት የለም ብለህ አታስብ። ቁፋሮው ለማዕድን ምርመራ ከነበረ፣ ባለፈቃዱ የሠራውን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ተጥሎበታል። ስለዚህ ወረቀቱ አንድ ቦታ አለ። ፈቃዱ እንደ ሥራው ዓይነትና ስፋት ከፌዴራሉ የማዕድን ሚኒስቴር ወይም ከክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤት የተሰጠ ይሆናል፤ የወረዳችሁ የማዕድን ባለሙያ ከየትኛው እንደሆነ ሊነግራችሁ ይገባል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይላል። የንግድ ምስጢር በሚል ሊከለከል የሚችል አለ፤ ቢከለከል ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አቤቱታው የሚቀርበው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ደብዳቤውን ከመጻፍህ በፊት ጉድጓዱ ወደነበረበት ሂድ። አፉ በሲሚንቶ ተደፍኖ ከሆነ ቁጥር ተጽፎበት ሊሆን ስለሚችል ፎቶ አንሳው። በስልክህ ጂፒኤስ ቦታውን ያዝና ከቀበሌው ስም፣ ከተቆፈረበት ዓመትና ወር ጋር ጻፈው። አንድ ነገር ጨምርበት፤ ልኬቱ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የልኬት መነሻ፣ በዳብሊው ጂ ኤስ 84፣ የተወሰደ መሆኑን ግለጽ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለ ሌላ የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ከተቀላቀሉ ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል፤ የእናንተ ጉድጓድ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያም ለምን እንደተቆፈረ፣ ስንት ሜትር እንደገባ፣ ውኃ በስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ ምን እንደተገኘና ፈቃዱ አሁንም ጸንቶ እንደሆነ ጠይቅ። የአባትህን ስም ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻችሁንም ፊርማ አያይዝበት።

ይህን ያህል የምለው ጉዳዩ ከእናንተ ማሳ ስለሚያልፍ ነው። ዳሎልን ተመልከት። ራልፍ ኤም ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዳናኪል ውስጥ ለፖታሽ (ለማዳበሪያ ለሚሆን ጨው) ፍለጋ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሳያመርት ሄደ። ከአርባ ዓመት በኋላ ወደዚያ የመጡ ኩባንያዎች ከባዶ አልተነሡም፤ የፓርሰንስ መዝገብ የት እንደሚጀምሩ አሳያቸው። በምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ወርቅ ሠርተውበታል፤ ኋላ ቦታው ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ሲተላለፍ ገዢ ከሚከፍልባቸው ነገሮች አንዱ የተጠራቀመው የቁፋሮ መዝገብ ነበር። የድሮ ሎግ ዋጋ እንዳለው ኩባንያዎች አሳምረው ያውቃሉ። ወረዳውና ገበሬው ብቻ ናቸው ሳያውቁት የሚቀሩት።

ዑጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ድጋፍ የአገሩን 80 በመቶ ያህል በአውሮፕላን አስቃኝታ፣ የማግኔትና የጨረር ልኬቱን ለሚፈልግ ሁሉ አቀረበች። የምርመራ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው በዛ። ሰሜን ምሥራቁ ካራሞጃ ግን በጸጥታ ምክንያት ሳይቃኝ ቀረ። ካርታው እዚያ ላይ ባዶ ሆኖ ሳለ ወርቅ በእጁ የሚቆፍረውም፣ ዕብነ በረድ የሚጭነውም ሥራውን አላቆመም። እዚያ ያለው አርብቶ አደር ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ሳያውቅ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መደራደር ነበረበት። መረጃ ባለመኖሩ ምድሩ ተጠብቆ ይቆያል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ካራሞጃ ግን ያ እንዳልሆነ ያሳያል።

የያዩን ጉዳይ ደግሞ ቦታው ከእኛ ቅርብ ስለሆነ አነሣዋለሁ። ከሰል ባለበት ምድር ላይ የዱር ቡና ጫካ አለ፤ ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የከሰሉ ካርታ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የጫካው ካርታ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ የምንጮቹ ዝርዝር በሦስተኛው ከተቀመጠ፣ የት ላይ መቆፈር እንደሚቻልና የት ላይ መንካት እንደሌለብን በምን እንወስናለን? ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ መታየት አለባቸው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ (ቁጥር 299/1995) የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ከሥሩ ያለው የጂኦሎጂ መረጃ ከተሸሸገ ግን ሕዝቡ የሚሰጠው አስተያየት በምን ላይ ይቆማል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ምንም ያልተገኘበት ጉድጓድ ነው። ወርቅ ወይም ከሰል ከተገኘ ወሬው በማንኛውም መንገድ ይወጣል። ባዶ የሆነው ጉድጓድ ሎግ ግን ማንም ሳይፈልገው ይጠፋል። ለአንድ ወረዳ የውኃ ጉድጓድ ቦታ ስንመርጥ፣ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ቀደም ሲል ሌላ አካል ቆፍሮ ደረቅ እንደሆነበት የነገሩን አንድ አዛውንት ናቸው። ቦታውን በከዘራቸው አሳዩን። ከየትኛውም ቢሮ አንድ ወረቀት አላገኘንም። እኒያ አዛውንት ባይኖሩ ኖሮ የሕዝብ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ይቀበር ነበር። በእኛ ምድር ውኃ የሚገኘው ላቫው ቀዝቅዞ በሠራው ጥቁር ድንጋይ፣ በባዛልቱ፣ ስንጥቅና በላቫዎቹ መካከል ነው፤ ስለዚህ ለከሰል የተቆፈረ ባዶ ጉድጓድ ለውኃ ባለሙያ ወርቅ ነው። የአፈሩን ውፍረትና የድንጋዩን መሰንጠቅ ስለሚያሳይም በዴዶ ተዳፋቶች ላይ ለሚኖር ሰው የመሬት መንሸራተት ስጋትን ለመገመት ያገለግላል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ ከ200 በላይ ሰው በአፈር ሥር የቀረበትን አደጋ የሰማ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው። ማንም ቆፋሪ ቦታውን ለቅቆ ሲሄድ በቀበሌው ቢሮ አንድ ገጽ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ይተው። የት እንደቆፈረ፣ እስከምን ጥልቀት፣ ምን ዓይነት ድንጋይ፣ ውኃው የት፣ ምን ተገኘ ወይም ምን አልተገኘም። ሙሉው ሪፖርት ወደ አዲስ አበባ ይሂድ። አንዱ ገጽ ግን ሊሙ ይቅር። አንተም ደብዳቤህን ስትጽፍ ይህንኑ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ በጅማ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የወንዝ ደለል ናሙና ሰብስቤ አስመርምሬያለሁ። ውጤቱን ከምረቃ በኋላ ለሁሉም ክፍት ላደርገው አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን ‹የውጭ ኩባንያ ወስዶ ይከብርበታል፤ አፍሪካ ስትዘረፍ የኖረችው እንዲህ ነው› ይሉኛል። ላጋራ ወይስ ልያዘው?»
ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ አጋራው ልጄ። የጓደኞችህን ስጋት ግን አላጣጥለውም፤ መነሻ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተሰበሰበው የኮንጎ ጂኦሎጂ መዝገብ፣ ካርታውም ሪፖርቱም፣ ብዙው ዛሬም የሚገኘው ከብራስልስ አጠገብ ቴርቩረን በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ነው። የኮንጎዋ የሉቡምባሺ ከተማ ልጅ ስለ አያቱ ምድር ለማንበብ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህ በደል ነው። በደሉ የተፈጠረው ግን መዝገቡ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው፤ ትልቅ ኩባንያ ቢፈልግ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል፣ ካልሆነም ራሱ እንደገና ይቆፍራል። በተቆለፈ መረጃ የሚጎዳው አቅም የሌለው ነው፤ ማለትም አንተ፣ የወረዳው ባለሙያ፣ ከባለሀብት ጋር የሚደራደረው መንግሥት።

የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቁት የአፍሪካ የማዕድን ራዕይ ይህን በግልጽ ያነሣል። ስለ ገዛ ምድሩ ከባለሀብቱ ያነሰ የሚያውቅ አገር ጥሩ ውል አይዋዋልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ፓንአፍጂኦ የተባለው ፕሮግራምም የአፍሪካን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በካርታ ሥራ፣ በመረጃ አያያዝና በመሳሰሉት ያሠለጥናል፤ ከተመረቅህ በኋላ ተከታተለው። ድንጋይ ድንበር አያውቅም። የአኮቦ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ወደ ደቡብ ሱዳን፣ የሞያሌው ወደ ኬንያ ይሻገራል። እዚህ እኛው አገር ውስጥ እንኳ ሁለት ተጎራባች የካርታ ሺቶችን ጎን ለጎን ስታደርግ፣ አንዱ ድንጋይ በዚህኛው ሺት አንድ ስም፣ በዚያኛው ሌላ ስም ይዞ በመስመሩ ላይ ሲቋረጥ ታያለህ። ይህን የሚያስተካክለው መነጋገር ብቻ ነው።

የምታጋራው ግን ለሌላ ሰው የሚሆን መሆን አለበት፤ ብዙ መልካም ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ላቦራቶሪው «ከ5 በታች» ብሎ የመለሰልህን ዜሮ ብለህ አትጻፍ። ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው፤ ከ5 በታች ማለት ግን መሣሪያው እስከዚያ ብቻ ነው የሚያየው ማለት ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰንጠረዥ ቀጣዩን ሰው ያሳስታል። ናሙናውን በምን ወንፊት እንደነፋህ፣ በምን አሲድ እንደሟሟ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደተለካ ጻፍ። ኮርዲኔትህ (የቦታ ልኬትህ) የየትኛው ዞን እንደሆነ አትርሳ፤ ዓለምን በዞን ከፋፍሎ ቦታን በሜትር በሚለካው በዩቲኤም ሥርዓት ጅማ ዞን 37 ውስጥ ናት፣ ሚዛን ተፈሪ ግን ከ36ኛው ዲግሪ በስተ ምዕራብ ስለሆነ ዞን 36 ናት። ይህን ያልጻፈ ሰው ሚዛንን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስቀምጣታል። ወርቅ ያልታየባቸውን ናሙናዎችም አንድ ሳትቀንስ አስገባ።

የማታጋራውም አለ። ናሙና ስትወስድ ያገኘሃቸውን የወርቅ አጣቢዎች ስም፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ ሰዎች አምነው ያሳዩህን የቀብርና የጸሎት ቦታ ለራስህ ያዝ። እነዚህ ድንጋይ ስላልሆኑ በሰንጠረዥህ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጽሑፍህ እስኪታተም ውጤቱን ብታዘገይም ማንም አይወቅስህም፤ የጊዜ ገደቡን ግን ዛሬውኑ ወስነህ ለአማካሪህ ንገረው። አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ፣ አንዱን ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ስጥ፣ ሦስተኛውን ናሙና ወደወሰድክበት ወረዳ ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ «በቦዬ በኩል የሸክላ ጡብ የምንሠራ ወጣቶች ነን። አንዳንዱ ሰው ‹ይህ አፈር እንጂ ማዕድን አይደለም፤ ፈቃድ አያስፈልገውም› ይለናል። እውነት ነው? የጂኦሎጂ መረጃ የሚሉትስ እኛን ምን ያገባናል?»
የጡብ ሠሪዎች፣ ከጅማ

መልስ፦ ለጡብ የሚሆን ሸክላ በሕግ ከማዕድን ይቆጠራል፤ ለሽያጭ ስታመርቱት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የከተማውን ወይም የዞኑን የማዕድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ከደላላ ፈቃድ አትግዙ። ቦዬ ረግረግ ነው። ወደ ግልገል ጊቤ የሚወርደውን ውኃ የሚያጣራልን እሱ ስለሆነ፣ እስከ ጥልቁ ተቆፍሮ ክፍት የሚተው ጉድጓድ ረግረጉንም እናንተንም ይጎዳል፤ ክረምት ላይ ሕፃን ይገባበታል።

መረጃ ለእናንተ የሚያስፈልገው ሸክላው የት እንደሚያልቅ እንድታውቁ ነው። የአገሩ መደበኛ የጂኦሎጂ ካርታ በ1፡250,000 ልኬት የተሠራ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የእናንተ ጉድጓድ በዚያ ካርታ ላይ አይታይም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከካርታው ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በየጉድጓዱ ጥቁሩ አፈር ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ጥሩው ሸክላ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ውኃ በየወሩ በስንት ሜትር ላይ እንደሚመጣ፣ ከየትኛው ጉድጓድ የወጣው ጡብ በእሳት እንደሚሰነጠቅ በአንድ ደብተር ጻፉ። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ክፍል ሂዱ፤ ለመመረቂያ የሚሆን ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። ከእሱ ጋር የሚሠራው ካርታ የት መቆፈር እንዳለባችሁና የት ማቆም እንዳለባችሁ ያሳያችኋል፤ ለፈቃድ ማመልከቻችሁም አባሪ ይሆናል። ስትጨርሱ ቅጂውን በዚህ አምድ በኩል ላኩልኝ፤ በኪቶ በኩል ለሚሠሩት ማኅበራትም አደርሰዋለሁ።